አሥራ ሁለተኛዋ ተረኛ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የምታምኑ እመኑ፤ የማታምኑም አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ "ሙቀቱ አናቱን ነክቶታል" ብዬ ስቄ አልፍ ነበር።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ነው። ከቀኑ።

አዎ፣ ከቀኑ። ጨለማ የለበትም። መብራት አልጠፋም። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች።

ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ወሩ ሐምሌ።

እዚህ የኖረ ያውቀዋል። በሐምሌ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ማለት የሌላ አገር እኩለ ሌሊት ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ይዘጋል። ጫት ከገባ በኋላ ወንዱ ሁሉ ፋን ሥር ይጋደማል። መንገዱ ላይ የሚቀረው ኻምሲን የሚሉት አሸዋ የቋጠረ ነፋስ ብቻ ነው።

ያን ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው የለም…

ከእኔ በቀር። ሥራዬ ማንኳኳት ነበር።

ልደቱ እባላለሁ። ስሜን አልደብቅም፤ ደብቄ ደብቄ ነው እዚህ የደረስኩት። አያቴ በባቡር ሐዲድ ዘመን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አማርኛውን ከቤት፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሱማሊኛውን ከመንገድ ለቀምኩ። በዚህ ምላሴ ነው የቤት ጉዳይ በሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት አጣሪ ሆኜ የተቀጠርኩት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የአጣሪ ሥራ ምን መሰላችሁ? የሕዝብ ቤት ሲሠራ፣ ተመዝግቦ የሚጠብቀው ሰው ከቤቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለው በነጥብ ይለያል። ስንት ዓመት ጠበቀ? ቤተሰቡ ስንት ነው? የታመመ አለ? ጣሪያው ምንድነው? ነጥቡ ተደምሮ ተራ ይወጣል። ከዚያ አጣሪው ቤት ለቤት እየሄደ፣ በወረቀት የተባለው እውነት መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ከመሄዳችን በፊት በሩ ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን። "በነዚህ ሁለት ሳምንታት አጣሪ ይመጣል፤ ቤት ሆናችሁ ጠብቁ። ሁለት ቀን ተንኳኩቶ ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል" ይላል።

ደንቡ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ ታንኳኳለህ። ትጠብቃለህ። ስም ትጠራለህ። እንደገና ሦስት ጊዜ ታንኳኳለህ። ሰው ካለ ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ሰው ከሌለ "የለም" ብለህ ትጽፋለህ።

ለ"የለም" ፊርማ አይጠየቅም። የሌለ ሰው አይፈርምማ።

በሐምሌ የቆርቆሮ በር በእጅ አይነካም፤ ቆዳ ይልጣል። እኔ የማንኳኳው በብረት እስክሪብቶዬ ጫፍ ነበር።

ቃ… ቃ… ቃ።

ይቺን ድምፅ ያዙልኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዝርዝር ነው። ሆዳን በሚባለው ሰፈር አሥራ ሁለት ቤቶች ተሠርተው አለቁ። አሥራ ሁለት ቤት፣ አሥራ ሁለት ስም። አሥራ ሦስተኛው ተጠባባቂ ነው፤ ከላይ አንድ ሰው ከወደቀ ይገባል።

አሥራ ሁለተኛዋ እማማ አበቡ ነበሩ።

አሥራ ሦስተኛዋ ዝማሬ… እህቴ።

ዘመዱ ዝርዝር ውስጥ ያለ አጣሪ አስቀድሞ ይናገር ይላል ደንቡ። እኔ አልተናገርኩም። ዝማሬና እኔ በእናት እንጂ በአባት አንገናኝም፤ የአባታችን ስም ስለሚለያይ ማንም አላወቀብኝም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይላሉ። አህያዋስ አመዱ ላይ በግልጽ ነው የምትንከባለለው።

እማማ አበቡን ግን ላስተዋውቃችሁ። የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ የላቸውም። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም በሩም ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ይኖራሉ። ለቤት ተመዝግበው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀዋል። ያ የቆርቆሮ በር አንድ ጊዜ አውራ ጣታቸውን ሰንጥቋቸው ነበርና አሻራቸው መሃሉ ላይ የሚያቋርጥ መስመር አለው። ዶሴያቸውን ያየ ያውቀዋል።

እንግዳ ሲመጣባቸው አንድ ልማድ አላቸው። በጣሳ ውሃ ቀድተው የበሩ ደፍ ላይ ይረጫሉ። "ለእግርህ፣ ይቀዝቅዝልህ" ይላሉ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ያዙኝ።

"ልደቱ፣ ልጄ… አጣሪው መቼ ነው የሚመጣው?"

"እኔው ነኝ የምመጣው፣ እማማ። ብቻ ከቤት እንዳይወጡ።"

"ኧረ ንቅንቅ አልልም!"

"በተለይ ሰባት ሰዓት ገደማ።"

"ንቅንቅ አልልም አልኩህ እኮ። ብቻ ስትመጣ ጠበቅ አድርገህ አንኳኳ፤ ጆሮዬ ደክሟል።"

ያን ዕለት ከልቤ ነበር። ልሄድ ነበር… እውነቴን ነው።

በዚያው ሳምንት ዝማሬን ሙቀት ጣላት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አርሂባ ሰፈር ውስጥ ከባሏ ከቡልቻ ጋር አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል ነው የሚኖሩት። ቡልቻ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያወርድ ይውላል። ጎረቤት ነው ወድቃ ያገኛት። ሐኪሙ "ነፋስ የሚገባበት ቤት ፈልጉላት፤ አለዚያ አልወስድም ኃላፊነቱን" አለ።

እህቴ ምንም አልለመነችኝም። ይህን እወቁልኝ። አንድም ቀን "እርዳኝ" አላለችም።

ማክሰኞ ቀን ቅጾቹን ይዤ ወጣሁ። ካርቲዬ ሁለት ለመድረስ ሦስት መንገድ ሲቀረኝ አንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ገባሁ። ቀዝቃዛ ውሃ አዘዝኩ። የእማማ አበቡን ቅጽ አወጣሁ።

"እሳቸው አንድ ነፍስ ናቸው" አልኩ ለራሴ። "ዝማሬ ሁለት ናት። ደግሞ ተራው ቢያልፋቸው በሚቀጥለው ዙር ያገኛሉ።"

ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት አንደበተ ርቱዕ ይሆናል!

በዚያችው የብረት እስክሪብቶ ጻፍኩ። "ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት። ተንኳኳ። የለችም።"

ከሥሩ ደግሞ… "ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት። ተንኳኳ። የለችም።"

ሐሙስ ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።

ውሃዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሳቸው ከእኔ ሦስት መንገድ ርቀው፣ በሩን እያዩ ተቀምጠው ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ማዳም ማይሙና ናቸው፤ ሃያ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያልቀየራቸው ሴት። የእማማ አበቡን ዶሴ አንስተው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ በዚህ ሳምንት ወጣች?"

"አላገኘኋቸውም።"

"አንኳኩተሃል?"

"ሁለቴ አንኳኳሁ።"

"ሁለቴ…"

"ሁለቴ፣ ማዳም።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። ማዳም ማይሙና ዶሴውን አንድ ጊዜ ገለጥ አደረጉት። ከዚያ ፈረሙ። ምን ያድርጉ? የአጣሪ ቃል ነው።

ማክሰኞ ዝማሬ የቤት ቁጥር አሥራ ሁለትን ቁልፍ ተቀበለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። "እግዜር አየኝ" አለችኝ። "እህህ" ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት፣ ዕቃ ላስገባላት ሄድኩ። ነጭ ግድግዳ፣ የእንጨት በር፣ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ። እሷ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። እኔ አንዲት ወንበር ጠረጴዛው ሥር አስገባሁ።

ቃ… ቃ… ቃ።

ክው አልኩ።

በሩ እንጨት ነው። ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው። በብረት የተመታ ቆርቆሮ።

ሄጄ ከፈትኩ። ማንም የለም። ረጅሙ ኮሪደር ባዶ ነው። የእጀታው ብረት ግን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድስት አቃጠለኝ… ኮሪደሩ ደግሞ ፀሐይ አያውቀውም።

ወደ ታች አየሁ።

ደፉ እርጥብ ነበር።

"ማን ነው?" አለች ዝማሬ ከውስጥ።

"ነፋስ ነው።"

"ወንበሩንስ ለምን ወደ በሩ አዞርከው?"

ዞሬ አየሁ። ጠረጴዛ ሥር ያስገባኋት ወንበር መሃል ወለሉ ላይ ቆማለች። ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ካርቲዬ ሁለት ገባሁ። እግሬ ወሰደኝ ብል ውሸት ነው። ደህና መሆናቸውን አይቼ ህሊናዬን ላስተኛው ነው የሄድኩት።

ጠባቡ መንገድ ላይ ነፍስ አይታይም። ሰፈሩ ሙቀቱን ሽሽት ድሬዳዋ ወጥቷል፤ በር ሁሉ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፍ የሌለበት የእማማ አበቡ በር ብቻ ነው።

ማስታወቂያችን እንደተለጠፈ አለ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተጨምሯል፤ ሰው አስጽፈው የለጠፉት ነው። በትልልቅ ፊደል…

"አለሁ። ጠበቅ አድርጋችሁ አንኳኩ።"

እዚያች ፀሐይ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ደፉን አየሁ። እርጥብ ነው። በዚያ ፀሐይ የፈሰሰ ውሃ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፤ አሁን የተረጨ ነው። እፎይ አልኩ። አሉ ማለት ነው! ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ነገ ማዳም ማይሙና ዘንድ ሄጄ ሁሉን እናገራለሁ…

እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ቃ… ቃ… ቃ።

"አለሁ፣ ልጄ… አለሁ።"

ድምፃቸው ነው። ቀጭን፣ የታወቀ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ። ልደቱ።"

"መጣሁ… መጣሁ።"

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ነጠላ ጫማ መሬቱን እየጎተተ… ሸርተት… ሸርተት… በሩ ድረስ መጣ። ቆመ።

ጠበቅኩ።

አልተከፈተም።

"እማማ?"

እንደገና አንኳኳሁ።

በትከሻዬ ገፋሁት።

እማማ አበቡ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ጉልበታቸው ላይ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ መታወቂያቸው፣ የባላቸው የባቡር ወረቀት፣ የምዝገባ ካርዳቸው። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

እጃቸውን ነካሁ።

ቤቱ እሳት ነው። እጃቸው በረዶ።

ጣሳቸው ደርቋል። እንስራው ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ደፉ ላይ የፈሰሰው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የተጠራው ሐኪም ጎንበስ ብሎ አያቸውና "ሳምንት ይሆናታል" አለ። "እንዴት ሳትበላሽ እንደቆየች ግን አልገባኝም።"

ሳምንት… ያለፈው ሐሙስ።

ማክሰኞ "የለችም" ብዬ ስጽፍ ውሸት ነበር። ሐሙስ እውነት ሆነ።

በቀብሩ ላይ ቃሬዛ ተሸከምኩ። ሰው ሁሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። "ልጅ ሆንክላቸው" አሉኝ። "አንተ ባታስታውሳቸው ማን ያገኛቸው ነበር!" አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳመኝ። ያ የተሳመው ቦታ ምን ያህል እንዳቃጠለኝ ልነግራችሁ አልችልም። አፌን ከፍቼ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም።

ሱሪያ የምትባል ጎረቤታቸው ከድሬዳዋ በባቡር ደርሳ ነበር። ፊቷን እየነጨች ታለቅሳለች።

"አብረን ድሬ እንሂድ ብዬ ለምኛቸው ነበር እኮ" አለችኝ። "ትኬት ልቁረጥልዎት አልኳቸው። 'አጣሪው ይመጣል፣ ልደቱ ራሱ ነግሮኛል፣ ንቅንቅ አልልም' አሉ። ውሃ ሞልቼላቸው ሄድኩ። ሲያልቅ ለመቅዳት እንኳ አልወጡም ማለት ነው… ሲወጡ ብትመጣባቸው ብለው።"

ከዚያ አየችኝ።

"አልመጣህም እንዴ፣ ልደቱ?"

"መጥቼ ነበር" አልኳት። "አንኳኩቼ ነበር።"

ለሟች ጎረቤት፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ! እንዲህ ያለ ሰው ነው ይህን የሚጽፍላችሁ።

ሳምንታት አለፉ። ዝማሬ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

"ልደቱ፣ ወንበሩ ዛሬም ዞሯል።"

"ቡልቻ ይሆናል።"

"ቡልቻ ናጋድ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚዞረው። ደግሞ ደፉን አደርቃለሁ፣ ይርሳል… ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን?"

"ይሆናል።"

"ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል።"

"ሥራ አለብኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ቤት የተሰጠው ሰው በእርግጥ እየኖረበት መሆኑ በወሩ ይጣራል። አሁንም ሁለት ቀን ተንኳኩቶ ካልተገኘ ቁልፉ ይነጠቃል። ይህን የሚሠራው ዘይድ የሚባል ባልደረባዬ ነው፤ ድሬዳዋ ዘመዶች ያሉት፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ። ማክሰኞ ዘይድ ለዝማሬ ደወለላት። "መጥቼ ነበር፣ የለሽም" አላት።

"ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም!" አለችው። የዘጠኝ ወር ሆዷን ይዛ የት ትሄዳለች? "ማንም አላንኳኳም!"

"ወላሂ አንኳኩቻለሁ። ሐሙስ እመለሳለሁ። ያኔም ካጣሁሽ ቁልፉ ይሄዳል።"

ሐሙስ ሳይነጋጋ እኔ እዚያ ነበርኩ። ከዝማሬ ጋር በሩ ሥር ተቀመጥን። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሕንፃው ጸጥ አለ።

ስልኳ ጠራ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ወይዘሮ ዝማሬ፣ በሩ ላይ ነኝ" አለ ዘይድ።

"እኔም በሩ ሥር ነኝ!"

"እሺ፣ እያንኳኳሁ ነው።"

ስልኩ ውስጥ… ቃ… ቃ… ቃ።

በሩ ላይ ምንም የለም።

ዝማሬ ዘላ ተነስታ ከፈተችው። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ፣ ባዶ።

"ከፈትኩልህ እኮ! የት ነህ?"

"ቆይ… ሰው አለ። 'አለሁ' እያሉ ነው። እናትሽ ናቸው እንዴ?"

ዝማሬ አየችኝ። እናታችን ከሞተች አሥር ዓመት አልፏል።

"መጣሁ ይላሉ… ይምጡ፣ ይምጡ፣ እማማ፣ ቀስ ይበሉ… በቃ፣ ተከፈተልኝ። አመሰግናለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ።

እኛ በተከፈተው በር ላይ ቆመናል። ከኋላችን፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ተንቋቋ።

እኔ አልዞርኩም። ዝማሬ ልትዞር ስትል ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ሆዷን ይዛ፣ እኔ እሷን ይዤ፣ ደረጃውን ወረድን።

ዘይድ ሕንፃው ሥር ጥላ ይዞ ቅጹን ወደ ዶሴ ሲከት አገኘነው። ጫማው እርጥብ ነው።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለኝ እየሳቀ።

"ዘይድ… የት ገባህ?"

"ቁጥር አሥራ ሁለት ነዋ። ጨርሻለሁ፤ ሰው አለ። ደግ እናት ናቸው፣ ወላሂ። ደፉ ላይ ውሃ ረጩልኝ። 'ዘገየህ፣ ልጄ' አሉኝ። ወረቀታቸውን በፌስታል አዘጋጅተው… እንዲህ ያለ ሰው ቢበዛልን!" ወደ ዝማሬ ዞረ። "አንቺን ግን አላየሁሽም። ሌላ ሰው አልነበረም ቤቱ ውስጥ።"

ቅጹን ዘረጋው።

በነዋሪዎች መስመር ላይ፣ በዘይድ የእጅ ጽሑፍ፣ "ዝማሬ፦ የለችም" ይላል።

ከሥሩ… "አበቡ፦ አለች።"

ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ መሃሉን የሚያቋርጥ መስመር ያለበት።

ዝማሬ ቀስ ብላ አነበበችው።

"አበቡ? እማማ አበቡ? አንተ ያገኘሃቸው? እሳቸው እዚህ ምን…"

ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁት። በሕይወቴ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ በር ከፍተው የሚለምኑኝ፣ የሚረግሙኝ። እንደዚያ ፊት ግን አላየሁም።

"ልደቱ… ይሄ ቤት የማን ነበር?"

መልሱን እዚያው፣ በዘይድ ፊት፣ ነገርኳት። ሻይ ቤቱን፣ እስክሪብቶውን፣ ያልደረሰውን ሐሙስ። እያወራሁ ሳለሁ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ራቀችኝ። ልጇን ከእኔ የምትከልል ይመስል ነበር።

ቁልፉን በማግስቱ መለሰች። አርሂባ፣ እዚያችው መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ወለደች። ሴት ናት፣ ደህና ናት አሉኝ። ክርስትናዋ ላይ አልተጠራሁም፤ ትክክል ናት።

እኔም ማዳም ማይሙና ዘንድ ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልሰደቡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እኔም ጠርጥሬ ፈርሜያለሁ" አሉ።

ከዚያ የቤት ቁጥር አሥራ ሁለትን ዶሴ ከመሳቢያ አወጡ። የዘይድን ቅጽ በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው ፊቴ አስቀመጡት።

"ይሄ ወረቀት እዚህ ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ንካው።"

በዚህ ከተማ ሙቀት ምንም ነገር እርጥብ ሆኖ አይቆይም። ልብስ በአሥር ደቂቃ፣ ምራቅ አፍ ውስጥ ይደርቃል።

አውራ ጣቴን አሻራው ላይ አሳረፍኩ።

እርጥብ ነበር።

ከሥራ ወጥቻለሁ። ቤቱ አሁንም ተዘግቶ እንዳለ እሰማለሁ፤ ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሚሆን ኮሚቴው አልወሰነም። ይህን የምጽፍላችሁ ስልኬ ላይ በግራ እጄ ነው። የቀኝ አውራ ጣቴ የነካውን ሁሉ ያበላሻል። በሳሙና አጠብኩት፣ በነዳጅ አጠብኩት፣ በድንጋይ ፈተግኩት። ቀለሙ አይለቅም፤ አይደርቅም።

ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት አምጥቼ ጫን አድርጌ አየሁት።

አሻራው መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ መስመር አለው።

የእኔ ጣት ላይ ግን ጠባሳ የለም።